የአባትህ በጎች ባሉበት ይቆዩ፤ ፊልሙን ግን ሥራ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት ሰርግ፣ ክርስትናና የተማሪዎች ምርቃት እየቀረጽኩ ራሴን ችያለሁ። አሁን የራሴን ፊልም መሥራት እፈልጋለሁ። የአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የፍቅር ፊልም ጽሑፍ ጨርሻለሁ። ከእቁብ 400 ሺህ ብር ይደርሰኛል፤ መንዝ ያለው አባቴ ደግሞ በጎቹን ሸጦ ሊጨምርልኝ ፈቃደኛ ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ ካሜራ ገዝቼ፣ አዲስ አበባ ገብቼ ለሲኒማ ቤት ልሥራው? ወይስ በክፍል በክፍል ከፋፍዬ ዩቲዩብ ላይ ልጫነው? ጓደኞቼ ኮምፒውተር በራሱ ፊልም መሥራት በጀመረበት ዘመን ይህን ሙያ መያዝ እብደት ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው?»

ምላሽ፦ በጎቹ አይሸጡ። መንዝ ውስጥ በግ ማለት የበልግ ዝናብ ሲቀር እህል የሚገዛበት፣ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት የሚደረስበት ገንዘብ ነው። ፊልም ደግሞ መቼ እንደሚከፍል፣ ይከፍልም እንደሆነ አስቀድሞ የማይታወቅ ሥራ ነው። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሀብት እንዲህ ባለ ሥራ ላይ አይውልም። እቁቡንም ቢሆን በእጅህ እንዳለ ገንዘብ አትቁጠረው። ዕጣው የሚወጣልህ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከሆነ፣ ከ400 ሺህ ብሩ አብዛኛው ገና ያልከፈልከው ነው፤ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ እየሠራህ የምትመልሰው ብድር ነው። በዚያ ብድር ካሜራ ከገዛህበት በኋላ የምትቀርጸው ሰርግ ሁሉ ዕዳ መክፈያ ይሆናል፤ ለፊልሙ ጊዜም ገንዘብም አይተርፍህም። ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሳይጨርሱ ሙያውን የተዉት ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ዕዳው ቀድሟቸው ነው።

ጥያቄህ ውስጥ አራት የተሳሳቱ ግምቶች አሉ። ፊልም የሚሻሻለው በካሜራ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራ ረጅም ፊልም መሆን አለበት፤ ፊልም ሠሪ የሚኮነው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ምርጫው ሲኒማ ቤት ወይም ዩቲዩብ ነው የሚሉት ናቸው። በአንተ ብቻ አልፈርድም፤ ከዓመት ዓመት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከእነዚህ አይወጡም።

ከካሜራው ልጀምር። ለአምስት ዓመት ሰርግ የቀረጽክበት ካሜራ ለአጭር ፊልም ይበቃል። ተመልካች በትንሹ የደበዘዘን ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። የጀማሪን ሥራ ቶሎ የሚያጋልጠው ድምፁ ነው። ይህን የተማርኩት በገዛ ፊልሜ ላይ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ ካለው የጓሳ ሣር ምድር አጠገብ አንድ አጭር ፊልም ለሁለት ቀን ቀረጽን። ጉሙ ሲገለጥ፣ ሣሩ በነፋስ ሲተኛ፣ የአዛውንቱ ፊት በጠዋት ፀሐይ ሲበራ፣ በሕይወቴ ከቀረጽኳቸው ምስሎች ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ። ማይካችን የነፋስ መከላከያ ልብስ አልነበረውም፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚከታተል ሰውም አልመደብንም። ወደ ቤት ተመልሰን ስንከፍተው የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። አዛውንቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን ንግግሩን እንደገና ለመቅዳት ሞከርን፤ እርሳቸው ግን ተዋናይ አልነበሩም። ሜዳ ላይ ከልባቸው የተናገሩትን በዝግ ክፍል መድገም አልቻሉም። ያ ፊልም እስከ ዛሬ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምስሎቹን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ ገንዘብህን ድምፅ ላይ አውለው። ሁለት የልብስ ማይክ፣ አንድ አቅጣጫ ያለው ረጅም ማይክ ከነጸጉራም የነፋስ ልብሱ፣ አንድ የድምፅ መቅጃ፤ እነዚህን መከራየትም ይቻላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራው ድምፅ ብቻ የሆነ አንድ ሰው መድብ። ካሜራ ባለሙያው «እግረ መንገዴን» የሚከታተለው ድምፅ አስተማማኝ አይደለም። በየቦታው ማንም ሳይናገር ለአንድ ደቂቃ ያህል የአካባቢውን ጸጥታ መቅዳትም አትርሳ፤ በቅንብር ጊዜ የንግግሮችን መገጣጠሚያ የምትሸፍነው በእርሱ ነው።

ሰርግ ላይ የማይታወቁ፣ ፊልም ላይ ግን ዋጋ የሚያስከፍሉ ሁለት ሦስት ነገሮች ልጨምር። የኤሌክትሪክ ኃይላችን 50 ኸርዝ ነው። ፊልም መሰል ምስል ለማግኘት ብለህ በሴኮንድ 24 ፍሬም ስትቀርጽ የፍሎረሰንት አምፖሎችና ርካሽ የኤልኢዲ መብራቶች ምስሉ ውስጥ ሊርገበገቡ ይችላሉ። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ በ1/50 የመዝጊያ ፍጥነት ቅረጽ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የንጋት ውርጭ የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ትርፍ ባትሪዎችህን ከካፖርትህ ውስጥ፣ ከሰውነትህ ጋር አስጠግተህ ያዝ። ከውጭ ቁር ወደሚጨስበት ጎጆ ስትገባ ደግሞ ካሜራውን አስቀድመህ ቦርሳ ውስጥ ዝጋውና ቀስ በቀስ ይሙቅ፤ ያለዚያ ሌንሱ ላይ እርጥበት ይቋጥራል። የቀትር ፀሐይ በአገራችን ከአናት በላይ ስለሆነች የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ጊዜ ለቤት ውስጥ ትዕይንት አውለው።

ወደ ርዝመቱ እንምጣ። የመቶ ደቂቃ ፊልም በጥንቃቄ ለመቅረጽ ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጃል። ይህም ማለት በየቀኑ ምሳ የሚበላ፣ የሚጓጓዝ፣ አበል የሚጠብቅ ቡድን ማለት ነው። ገንዘቡ በአሥረኛው ቀን ሲያልቅ የቀሩት ትዕይንቶች ይቆረጣሉ፤ ታሪኩ ይጎድላል፤ የጎደለው በሙዚቃ ይሞላል። እንዲህ ያለቁ ፊልሞችን አይተሃል። የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም ግን በአራት ቀን ይቀረጻል። ስታበላሽ የምታበላሸው ትንሽ ነው፤ ስታሳካ ደግሞ ዳይሬክተር መሆንህን የሚመሰክር የተጠናቀቀ ሥራ በእጅህ ይኖራል።

አጭር ፊልም የተማሪ መልመጃ አይደለም። እንደ ፈረንሳዩ ክሌርሞን ፌራን ያሉ፣ ለአጭር ፊልም ብቻ የቆሙ ትልልቅ ፌስቲቫሎች አሉ። ኦስካር አጭር ፊልም የሚለው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን የስም ዝርዝር ጨምሮ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠውን ነው። ሆኖም አጭር ነው ብለህ ወደ አርባው አትጠጋ። የፌስቲቫል መራጭ በአንድ ሰዓት ተኩል መርሐ ግብር ውስጥ ስድስትና ሰባት ፊልም ማስገባት ይፈልጋል፤ የ38 ደቂቃ ፊልም የሦስት ፊልም ቦታ ይወስድበታል። ከዚህም ሌላ፣ ለረጅም ፊልም ድጋፍ የሚሰጡት እንደ ሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድ ያሉ ተቋማት ከጽሑፍህ ጋር ከዚህ በፊት የሠራኸውን ማየት ይፈልጋሉ። የሰርግ ቪዲዮ ልትልክላቸው አትችልም።

ጽሑፍህን አትጣለው። ከውስጡ አንድ ቀን፣ አንድ ቤትና ሦስት ሰዎች አውጣ። አሁን የምለው ከቴክኒኩ ሁሉ የሚበልጥብኝ ነገር ነው። የጨረስከው ጽሑፍ ቪላ ቤት፣ መኪናና ካፌ የሞላበት የአዲስ አበባ የፍቅር ታሪክ ከሆነ፣ እንደዚያ ያለውን ከአንተ የተሻለ ገንዘብና ከአንተ የተሻለ ቅርበት ያላቸው ሰዎች በየሳምንቱ እየሠሩት ነው። በሌላ በኩል አንተ ባለህበት ዙሪያ ማንም ያልነካው አለ። የመንዝ ሰው ለቤት ክዳን የሚሆነውን የጓሳን ሣር ቀሮ በሚባለው የጋራ ሥርዓት ለረጅም ዘመን እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል። የውጭ አገር የቀረጻ ቡድኖች ወደ ጓሳ የሚመጡት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ነው። ሣሩ ይከፈት አይከፈት ተብሎ ሲመከር፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ እናት ቤቷ ውስጥ ምን እንደምታስብ ግን የቀረጸ አላየሁም። ከገጠር መጥታ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የገባች ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን ለማን እንደምትልክ፣ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራ አባት ልጁ ሙያውን ሲተው ምን እንደሚል፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ መኪና አቁሞ ጉሙ እስኪገለጥ የሚጠብቅ ሹፌር ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ የጅሩ ገበሬ ያሳደገውን ሰንጋ ለገበያ ሲነዳ ምን እንደሚሰማው፤ እነዚህ ሁሉ የአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልሞች ናቸው።

የገጠር ታሪክ ሥራ ማለቴ አይደለም። የምታውቀውን ሥራ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም «ላምብ» የአንድ ልጅና የአንድ በግ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ የታየው ስለ ሐረርጌና ስለ ጫት የሚተርከው «ፋያ ዳዪ» የተሠራው በአሥር ዓመት ውስጥ ነው። ሁለቱም የሌላውን ሰው ፊልም ለመምሰል አልሞከሩም። ተዋናዮችህ የአካባቢያቸውን አማርኛ ይናገሩ፤ የሬዲዮ ዜና አማርኛ አፋቸው ውስጥ አታስገባ። ድህነትን ደግሞ ለውጭ ተመልካች ማሳያ አታድርገው። አያትህ ፊልሙን ሲያዩ እንዲያፍሩ የሚያደርግ ትዕይንት ካለ አውጣው።

አዲስ አበባ መግባትን በተመለከተ፣ ርቀቱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ዕቃ ለመከራየት፣ ቀለም ለማስተካከል፣ ሲኒማ ቤቶች የሚያሳዩበትን ዲሲፒ የተባለ የፊልም ፋይል ለማዘጋጀት ሄደህ በሁለት ሦስት ቀን መመለስ ትችላለህ። እዚያ ቤት ተከራይተህ ከተቀመጥክ ግን ደንበኞችህን ታጣለህ፤ የቤት ኪራዩ ለፊልሙ ያሰብከውን ይበላል፤ ከዓመት በኋላ በሌላ ሰው ድራማ ላይ መብራት ስትሸከም ራስህን ታገኘዋለህ። መብራት መሸከም ነውር የለውም፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ለሲኒማቶግራፈርነት ወይም ለቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊነት የምትዘጋጅ ብትሆን ኖሮ «ዛሬውኑ ሂድ» እልህ ነበር፤ እነዚህ ሙያዎች ሥራው ካለበት ቦታ ውጭ አይለመዱም። አንተ ግን የራስህን ፊልም መሥራት ነው የጠየቅኸው። ከሥራው ስፋት አንጻር በዓመት ሁለት ሦስት ሳምንት በሌላ ሰው ቀረጻ ላይ በረዳትነት ብትሠራ ይበቃሃል፤ ዋናው ትምህርትም ትልቅ ቡድን እንዴት እንደሚመራ ማየት ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። የፊልም ገበያችን ከሃያ ዓመት ወዲህ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ያሰለፉበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ቪሲዲ መጣ፤ ከቪሲዲው ጋርም ሕገ ወጥ ቅጂ። ከዚያ የሳተላይት ቴሌቪዥን፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ማታ ማታ ቤተሰቡን ቤቱ አስቀመጡት። ቀጥሎ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ። በየለውጡ የከሰሩት በአንድ በር ብቻ ለመግባት ሁሉን ነገራቸውን ያዋሉ ናቸው። ለውጡን ያለፉት ደግሞ የፊልማቸው ባለቤትነት በእጃቸው የቀረላቸው ናቸው፤ አንዱ በር ሲዘጋ ያንኑ ፊልም ይዘው ወደ ሌላው ሄዱ።

ኢትዮጵያዊው ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ፣ የጥቁር ማኅበረሰብ ድርጅቶችን እያስተባበረ ከከተማ ከተማ አሳየው። ከ28 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ያ ፊልም ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። መብቱን በአንድ ቼክ ሸጦት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከተመልካቾቹ አንዱ ይሆን ነበር።

እኔ ይህን አላደረግሁም። በወጣትነቴ የሠራሁትን አንድ ፊልም «ሙሉ መብት» የሚል ቃል ባለበት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርሜ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጥኩ። ክፍያው ያን ጊዜ ብዙ መስሎኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ፊልሙ በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ሲታይ ቆይቶ፣ አንድም ሳንቲም ሊደርሰኝ እንደማይችል ጠበቃ ነገረኝ። ስለዚህ ውል ሲቀርብልህ አምስት ነገር ሳይጻፍ አትፈርም፦ ለስንት ዓመት፣ ለየትኛው አገር፣ ለየትኛው ማሳያ ማለትም ለሲኒማ፣ ለቴሌቪዥን ወይስ ለኢንተርኔት፣ ለእነርሱ ብቻ ነው ወይስ ለሌላም መሸጥ ትችላለህ፣ ገንዘቡ መቼ ይከፈላል። «ሙሉ መብት» እና «ለዘለዓለም» የሚሉ ቃላት ያሉበትን ወረቀት ይዘህ ወደ ጠበቃ ሂድ።

የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው እንደተፈጠረ ጥበቃ ይሰጥሃል፤ መብቱ በመመዝገብ የሚገኝ አይደለም። ምዝገባ ግን ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ስለሚሆን ጽሑፍህን አስመዝግበው። ልብ በል፤ ሕጉ የሚጠብቀው የተጻፈውን ነው፤ በቡና ላይ ያጫወትከውን ሐሳብ አይደለም። በሌላው ወገን ደግሞ አንተም ከሰዎች መብት ትወስዳለህ። ከጽሑፉ ተባባሪ፣ ከተዋናዮቹ፣ ሙዚቃ ከሠራልህ ሰው ጋር፣ የአክስትህ ልጅ ቢሆንም፣ ከቀረጻው በፊት ተፈራረም። የታወቀ ዘፈን ከካሴት ላይ ወስደህ አታስገባ። የሕዝብ ዜማ የሁሉም ነው፤ አንድ ድምፃዊ የቀዳው ቅጂ ግን ባለ መብት አለው። ፊልም ከፌስቲቫል የሚመለስበት፣ ከዩቲዩብም ገቢው የሚወሰድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአካባቢህን ክራር ተጫዋች ከፍለህ ቅዳው፤ ያማረም ንጹሕም ይሆናል።

ዩቲዩብን በተመለከተ፣ ቁጥሩን እወቅ። ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል አንድ ሺህ ተከታይና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አራት ሺህ የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በአጫጭር ቪዲዮዎች በዘጠና ቀን አሥር ሚሊዮን ዕይታ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላም ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለባለ ቻናሉ የሚደርሰው 55 በመቶ ነው። ክፍያው ደግሞ ተመልካቹ በሚኖርበት አገር ይለያያል፤ ዋሽንግተን ያለች አንዲት ተመልካች ከደብረ ብርሃን ተመልካች ይልቅ ብዙ ታስገኛለች። ቻናል ከመክፈትህ በፊት ያስመዘገብክበት አገር በክፍያው መርሐ ግብር ውስጥ መኖሩንና ገንዘቡ በየትኛው መንገድ እንደሚደርስህ አረጋግጥ። ከሁሉ በላይ ግን ዩቲዩብ በየሳምንቱ የሚመገብ ማሽን ነው። ሦስት ወር የተለፋበት አንድ ፊልም እዚያ በሦስት ቀን ይቀበራል። ቻናሉን ለሥራህ ማስተዋወቂያ፣ ለአጫጭር ዘጋቢ ሥራዎች ተጠቀምበት፤ ፊልምህን ግን መጀመሪያ እዚያ አትጫነው። ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የተጫነን ፊልም ብዙ ፌስቲቫሎች አይቀበሉም፤ ቴሌቪዥን ጣቢያም በነፃ የሚታየውን አይገዛም። አንዴ ከጫንከው በኋላ ብታወርደውም «ታይቷል» የሚለው አይፋቅም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ፌስቲቫል፤ የአገር ውስጡንም፣ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደውን ፌስፓኮንም፣ የዛንዚባሩንም አስብ። የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ የትርጉም ጽሑፍ አዘጋጅ፤ ትርጉሙን ቋንቋውን በሚገባ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በየወሩ «ሽልማት» የሚሰጡ፣ አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው፣ የመመዝገቢያ ክፍያ ብቻ የሚሰበስቡ «ፌስቲቫሎች» በመመዝገቢያ ድረ ገጾች ላይ ሞልተዋል። ባለፈው ዓመት የታዩበትን አዳራሽና የመጡትን ፊልም ሠሪዎች ስም ፈልገህ ካላገኘህ አትክፈል። ለእውነተኞቹ ደግሞ ጽፈህ ክፍያው እንዲቀርልህ ጠይቅ፤ ከአፍሪካ ለሚመጡ ሥራዎች የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። ከፌስቲቫሉ ዙር በኋላ በገዛ አካባቢህ አሳየው፤ በደብረ ብርሃን የሆቴልና የትምህርት ቤት አዳራሾች፣ በደብረ ሲና፣ በመሐል ሜዳ። ፕሮጀክተር፣ ነጭ ጨርቅና ጥሩ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። የከተማውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስቀድመህ አሳውቅ። ከዚያ ቴሌቪዥን፤ ዩቲዩብ የመጨረሻው ነው።

የኑሮህ ገንዘብ ከሰርግ ይምጣ፤ ይህን እንደ ውርደት አትየው። የሰርግ ቀረጻ በቀን መቁጠሪያችን ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው፤ ጥር ከጥምቀት በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ሥራ ይበዛል። በዐቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ በነቢያት ጾምም፣ በክረምትም ገበያው ይቀዘቅዛል። ብዙ የሙያ ባልደረቦችህ እነዚህን ወራት በሥራ ፈትነት ያማርራሉ። ለአንተ ግን የፊልም ወራት ናቸው። ክረምቱን ጻፍ፤ ዝናቡም ጉሙም ከቤት አያስወጣህም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ፣ አዝመራው የሚሰበሰብበት፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሜዳውን ነጭ የሚያደርግበት ነው፤ ያኔ ቅረጽ። ጥርን ሰርግ ሠርተህ ገንዘብ ያዝ። ሁዳዴን በቅንብር አሳልፍ። ሁለት የባንክ ሂሳብ ክፈት፤ የሰርጉና የፊልሙ አይቀላቀሉ። የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ይኑርህ፤ ፋብሪካዎችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ዘጋቢ ፊልም ሲያሠሩ ደረሰኝ የሌለውን አይቀጥሩም፤ ከሰርግ ቀጥሎ የተሻለ የሚከፍሉህ እነርሱ ናቸው።

ጓደኞችህ ስለሚያነሡት ሰው ሠራሽ አስተውሎት አጭር መልስ አለኝ። የማስታወቂያ ምስልና የጥሪ ካርድ ቪዲዮ ሥራ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኑሮህን በዚያ ላይ አትመሥርት። የትርጉም ጽሑፍ ረቂቅ ለማውጣት፣ ጫጫታ ለመቀነስ ተጠቀምበት፤ የመንዝን አነጋገር ግን ስለሚሳሳት ቃል በቃል አርመው። የሰውን ድምፅ ወይም መልክ ያለ ፈቃዱ አታስመስል። ባና የሚሠራ ሰው እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚያውቅ፣ ሰውየውም በሩን የሚከፍትለት ፊልም ሠሪ በማሽን ይተካል ብዬ አልፈራም።

ሁለት ጥንቃቄ ይቀረኛል። በአሁኑ ጊዜ መንገድና ጸጥታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። በግማሽ ቀን ደርሰህ የምትመለስበትን ቦታ ምረጥ፤ ከቀበሌው ደብዳቤ ያዝ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስቀድመህ አነጋግር፤ ኬላና የታጠቀ ሰው ላይ ካሜራ አታንሳ፤ ድሮን ያለ ፈቃድ አታብር። ምስል ለማግኘት ብሎ የቡድኑን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ዳይሬክተር ሙያውን አያውቅም። ሌላው፣ የቀረጽከውን በየማታው በሦስት ቅጂ አስቀምጥ፤ አንደኛው ቅጂ ከቤትህ ውጭ፣ በሌላ ሰው ቤት ይደር።

ከእቁቡ ገንዘብ ለፊልሙ የምታውለው እስከዚያ ቀን ራስህ ያዋጣኸውን ያህል ብቻ ይሁን፤ የቀረውን ባንክ አስገባውና ዙሩን ክፈልበት። በዚህ ዓመት አንድ የአሥራ አምስት ደቂቃ ፊልም፣ በሚቀጥለው ሁለተኛ፤ የመቶ ደቂቃውን ጽሑፍ ከዚያ በኋላ አብረን እንከፍተዋለን። ለመጀመር ካሜራም አያስፈልግህም። በመጪው ቅዳሜ ማይክ ተከራይተህ መንዝ አባትህ ዘንድ ሂድ፤ ስለ በጎቹ አስወራቸው፤ አንድ ሰዓት ቅዳ። ማታ መብራት አጥፍተህ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሳታስበው ትንፋሽህን የያዝክበትን ደቂቃ ጻፍና ላክልኝ።